ድቤው የጠፋበት ሄድፎን

ሱቄን የዘጋሁት አምና ማሽላ ሲታጨድ ነው። ምክንያቱ እጄ ነው፤ ይንቀጠቀጣል። የሚንቀጠቀጥ እጅ የብየዳ ካውያ ይዞ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ሊያያይዝ አይችልም፤ የሰው ዕቃ ነው የሚያበላሸው። ቁልፉን ለአከራዬ መለስሁ፣ ንግድ ፈቃዴንም መለስሁ፤ ፈቃዱን ለመመለስ የሮጥሁትን ያህል ለማውጣት አልሮጥሁም። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ተቀመጥሁ።

ቆቦ አውራ ጎዳናው ዳር ዕድሜዬን ሙሉ ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ የዲሽ ሪሲቨር፣ በኋላም ሄድፎን ስጠግንና ስሸጥ ኖሬ፣ ቤት መዋል ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቴ መዲና፣ "አንተ ሰውዬ፣ ወይ ሱቅህን ክፈት ወይ ከእግሬ ሥር ውጣልኝ" አለችኝ። እውነቷን ነው። የጓዳውን በር ማጠፊያ ሁለት ጊዜ ፈትቼ ሁለት ጊዜ ገጥሜዋለሁ።

የመጨረሻ ልጄ ራህማ እዚሁ ቆቦ አስተማሪ ናት፤ የምትኖረውም ከእኛ ጋር ነው። አንድ ቀን ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች፣ "አባ፣ ቤት ውስጥ ዘፈን የምሰማበት ሄድፎን ልገዛ ነው። የመጀመሪያዬ ነው፤ አንተ ምረጥልኝ። የራያ ቆቦ የጆሮ ሹም አንተ አይደለህ?" አለችኝ።

ሹመቱ ደስ አለኝ። ያ ጥያቄ የት እንደሚያደርሰኝ ባውቅ ኖሮ ግን፣ "ሂጂና ያማረሽን ግዢ" ብዬ ዝም እል ነበር።

ጆሮ የሚባለውን ነገር ያስተማረኝ ጋሽ ሞላ ነው። ነፍሱን ይማረውና በዚያን ጊዜ ቆቦ ውስጥ ሬዲዮ ከፍቶ መልሶ የሚገጥም ሰው እሱ ነበር፤ ከፍቶ የሚተወውማ ብዙ ነው። አጭር፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነበር፤ ያውም በቆቦ ሙቀት። ዕቃ ሲመጣለት መጀመሪያ ያሸተዋል። የተቃጠለ ነገር ካለ በአፍንጫው ያገኘዋል። ብሎኖቹን እንደ አፈታታቸው ተራ በተራ ጋዜጣ ላይ ይደረድራል፤ አንዱን ካነካካህበት ያን ቀን አያናግርህም። ሲያዳምጥ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። "ከፍ አድርገው እንጂ ጋሽ ሞላ" ስለው፣ "ጩኸት ጉድለት ይሸፍናል። ጥሩ ዕቃ ሲንሾካሾክም ይሰማል" ይለኛል።

አንድ ልማዱ ግን ያናድደኝ ነበር። ከየትም የመጣ ደንበኛ ይሁን፣ "የት ተቀምጠህ ነው የምትሰማው?" ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ካልጣመው ዕቃውን ተሸክሞ ሰውዬው ቤት ድረስ ይሄዳል።

ዋጃ ላይ ሻይ ቤት ያለው ሰው ቴፑ እየተንጫጫ እንዳስቸገረው ነግሮን ሦስት ጊዜ አመጣው። ሦስቱንም ጊዜ የከፈትሁት እኔ ነኝ። ምንም የለውም። እኛ ዘንድ እንደ ውሃ ጥርት ብሎ ይዘፍናል። በሦስተኛው ሰውዬውን፣ "ወንድሜ፣ ቴፕህ ደህና ነው፤ ይልቅ አንተ እንቅልፍ ተኛ" አልሁት። ጋሽ ሞላ ቀና ብሎ አየኝና ቴፑን አቅፎ ሚኒባስ ተሳፈረ። ተከተልሁት። ዋጃ ደርሰን ቴፑን ከቦታው አስቀመጠ፣ ሻይ አዘዘ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለተኛውን ሻይ ሲጨርስ ተነሥቶ መደርደሪያው ላይ ካሉት ብርጭቆዎች ሥር የተቀመጠውን የቆርቆሮ ትሪ አነሣው። መንጫጫቱ ቆመ፤ ሲንጫጫ የኖረው በቴፑ ድምፅ የሚርገበገበው ትሪ ነበር።

ስንመለስ መንገድ ላይ፣ "ሰይድ፣ ዕቃ ሊዋሽህ ይችላል፤ ሰው ግን የሰማውን ነው የሚናገር። አልሰማሁም ካለህ አልሰማም። ለምን እንዳልሰማ ማወቅ ያንተ ሥራ ነው" አለኝ። እሺ አልሁ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ከእሱ ወጥቼ ወልድያ አንድ ወርክሾፕ ገባሁ። እዚያ የነበረው አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ማታ ማታ የሚጠይቀኝ "ዛሬ ስንት ዕቃ አወጣህ?" ብቻ ነው። በአንድ ደንበኛ ሁለት ሻይ የሚጠጣ ሠራተኛ እዚያ አይበረክትም። ፍጥነት ተማርሁ። ፍጥነቱን ይዤ ቆቦ ተመለስሁና የራሴን ሱቅ ከፈትሁ። ጋሽ ሞላ አርጅቶ ነበር፤ አንዳንዴ መጥቶ በር ላይ ዱካ ላይ ይቀመጥና እጄን ያያል።

ሄድፎን ወደ እኛ አገር ያስገባው ሐዘን ነው ብል የሚስቅብኝ ይኖራል። እውነቱ ግን ይኸው ነው። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ቴፕ ይዘጋል። ጎረቤትህ ለቅሶ ተቀምጦ አንተ ዘፈን ብታሰማ ከሰው አትቆጠርም። ሰርግ ያለበት እንኳ ሄዶ ሐዘንተኛውን አስፈቅዶ ነው። ታዲያ ዘፈን የለመደ ሰው ሳምንቱ ሲገፋ ይጨንቀዋል። ሰው አለመኖሩን አይቶ ወደ ሱቄ ጠጋ ይልና፣ "አያ ሰይድ፣ ያቺ ለብቻ የምታሰማዋ ነገር አለችህ?" ይለኛል። የተከለከለ ነገር እንደሚገዛ ሰው ግራ ቀኙን እያየ። መጀመሪያ ስፖንጅ የለበሱት ትንንሾቹ ነበሩ፤ ኋላ ስልኩ ሲበዛ ትልልቆቹ፣ ጆሮን ጥቅልል አድርገው የሚውጡት መጡ።

በመምረጥ በኩል ስም ነበረኝ፤ አልደብቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ሲመጣ የማያውቀውን ዘፈን አላሰማውም። "በቃልህ የምታውቀው የትኛው ነው?" እለዋለሁ፤ የማታውቀው ዘፈን ምኑ እንደጎደለ አይነግርህም። ከዚያ ጭብጨባውን ስማ እለዋለሁ። መንዙማ ይሁን የራያ ጭፈራ ጭብጨባ አለው፤ ደህና ሄድፎን የብዙ ሰው እጅ መሆኑን ያሳውቅሃል፣ መናኛው ሁሉንም አንድ ላይ ሰብስቦ ጥፊ ያስመስለዋል። ድቤው፣ ከበሮው ማለቴ ነው፣ ደረት ውስጥ ገብቶ መውጣት አለበት፤ ገብቶ ከተኛ የዘፋኙን ድምፅ ይውጠዋል። ከዚያ አድርገኸው ቁጭ በል እለዋለሁ። በዚህ ሙቀት ቆዳ የሚመስለው ፕላስቲክ ትራስ ጆሮህን ይቀቅለዋል፤ ሁለት ዘፈን ያልቻልኸውን ሄድፎን ለዓመት አትገዛም። ገመዱን መሰኪያው ሥር እጠፍ አድርጌ አያለሁ፤ ሄድፎን የሚሞተው እዚያ ጋ ነው። ይህን ሁሉ የምሞክረው ግን በማን ራስ ላይ እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

ዘሀራን ቆቦም ጎብዬም የማያውቃት የለም፤ ቢያንስ ያን ጊዜ አልነበረም። የጎብዬ ሴት ናት፤ ሰርግ ላይ ድቤ የምትመታዋ እሷ ነበረች። ዘሀራ ድቤውን ካልያዘች ሙሽራው የወጣ አይመስልም። ሱቄ የመጣችው ጎረቤቷ ልጁ ሞቶበት ለቅሶ ላይ እያለ ነው። ሰርግ ደግሞ ሌላ ቀበሌ ላይ ተጠርታለች፤ አዲስ የወጡ ዜማዎችን ቤቷ ሆና መስማት አለባት። ካሉኝ ሁሉ ትልቁንና ምርጡን ሰጠኋት። በሦስተኛው ቀን ተመለሰች።

"አያ ሰይድ፣ ሄድፎንህ ድቤውን በላው።"

"ምን ማለት ነው በላው?"

"ዘፋኙ አለ፣ ጭብጨባው አለ፣ ድቤው የለም።"

ከእጇ ተቀብዬ ራሴ ላይ አደረግሁት። ድቤው ዱም ዱም ይላል። "ይኸውና! አለ እኮ!" ብዬ መለስሁላት። ሻሿ ላይ ደፋችው፣ አዳመጠች፣ ራሷን ነቀነቀች። "ወላሂ የለም።" ሱቁ ውስጥ ሪሲቨር ሊያሠሩ የመጡ ሦስት ወንዶች ነበሩ። በተራ በተራ አደረጉት። ሦስቱም "አለ" አሉ። ከዚህ በላይ ምስክር ከየት ይመጣል? በዚያ ላይ ሰው ተሰብስቦ እያየኝ ነው፤ የጆሮ ሹም ነኝ።

"ዘሀራ፣ ዕቃው ደህና ነው" አልኋት። "ወፍራም ድምፅ የሚሰማው የጆሮ ክፍል ቀድሞ ነው የሚደክመው። ጆሮሽን ታከሚ።"

ይህን የትም አላነበብሁም፣ ማንም አልነገረኝም። እዚያው ቆሜ የፈጠርሁት ነው። ከወንዶቹ አንዱ፣ "ድቤ መቺዋ ድቤ የማትሰማ!" ብሎ ሳቀ፤ ሁላችንም ሳቅን። ዘሀራ አልሳቀችም። ሄድፎኑን በፌስታሉ መልሳ ጠቀለለችና ወጣች። ለውጥልኝ እንኳ አላለችኝም።

ከዚያ በኋላ በነበረው የሰርግ ወር ጎብዬ ተጠርቼ ሄድሁ። ድቤውን የያዘችው ሌላ ልጅ ናት። ዘሀራ ከኋላ ከሚያጨበጭቡት ጋር ቆማለች። "ምን ሆና ነው?" ብል፣ "ትታለች፤ ደክሞኛል አለች" አሉኝ። እኔ ምን እንዳልሁ ልናገር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። በልቤ፣ "ጆሮዋ እንደሆነ ነግሬያት ነበር" አልሁ። ትክክል መሆኔን ያረጋገጥሁት በእሷ ውድቀት ነው። አምስት ዓመት እንዲሁ ተረጋግጦልኝ ቆየ።

ወደ ራህማ ልመለስ። ከሱቁ የተረፉኝ ዕቃዎች በካርቶን አልጋ ሥር አሉ። ከውስጡ ምርጡን አወጣሁላት፤ ለዘሀራ የሰጠሁት ዓይነት ነው፣ አንድ ቀርቶኝ ነበር። ስልኳ ላይ ሰካነው። ከትምህርት ቤት እንደመጣች ናት፤ ሻሿ ላይ ደፋችውና መንዙማ ከፈተች። ትንሽ አዳመጠች።

"ጥርት ያለ ነው አባ። ግን ድቤው የት ሄደ?"

አፌን ከፈትሁ። "ጆሮሽ" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ይቺ ልጅ እኔ ጓዳ ገብቼ የስኳር ቆርቆሮ ስከፍት ከውጭ በር ሆና፣ "አባ፣ ሐኪሙ ምን አለህ!" ብላ የምትጮህ ናት። እሷን ደንቆሮ ብዬ ማን ያምነኛል? "እስቲ ሻሽሽን አውልቂ" አልኋት። ቤታችን ነው፤ አወለቀችው፣ ሄድፎኑን መልሳ አደረገችው።

"ውይ! መጣ!"

"ሻሽሽን እሰሪ።" አሰረች፣ በላዩ ደፋችው። "ሄደ።"

እሷ እየሳቀች ነው። እኔ ግን ተነሣሁ። የመዲናን ሻሽ ከመስቀያው አወረድሁና ራሴ ላይ ጠመጠምሁት፤ ሄድፎኑን በላዩ። ድቤው የለም። ዘፋኙ አለ፣ ጭብጨባው አለ፣ ድቤው የለም። ቃል በቃል እንዳለችው። ይኸኔ መዲና ከጓዳ ብቅ አለች።

"ኢንና ሊላሂ! ሰይድ፣ ጡረታ አሳበደህ እንዴ? ሻሼን ምን አርገህ ነው?"

ነገሩ ያን ያህል የሚያስቸግር አይደለም። እነዚህ ትልልቆቹ ድቤውን የሚያሰሙት ትራሳቸው የጆሮን ዙሪያ ግጥም አድርጎ ሲይዝ ነው። መሀል ላይ ጨርቅ ከገባ ወፍራሙ ድምፅ በጨርቁ በኩል ሾልኮ ይወጣል፤ ቀጭኑ ይቀራል። ይህን የማያውቅ ጠጋኝ የለም፤ እኔም አውቀዋለሁ። ግን ደንበኞቼ ግማሾቹ ሻሽ የሚያስሩ ሆነው ሳለ፣ እኔ በራሴ መላጣ ላይ እየሞከርሁ ስመርጥላቸው ኖርሁ። ገዝተው ዝም ያሉት ሴቶች ስንት እንደሆኑ አላህ ነው የሚያውቅ። ጋሽ ሞላ ቢሆን ግን ያን ቀን "ቤትሽ ሆነሽ እንዴት ነው የምታደርጊው?" ብሎ ዘሀራን ይጠይቃት ነበር፤ አንድ ጥያቄ ብቻ።

ለመዲናና ለራህማ ሁሉንም ነገርኋቸው። መዲና ቁጭ አለች። "ዘሀራን ድቤዋን ያስጣልሃት አንተ ነህ?" አለችኝ። "ነገ ሂድ" አለች። ነገ አልሄድሁም። አራት ቀን ሰበብ ፈለግሁ፤ ሙቀቱ ነው፣ እጄ ነው፣ መኪና የለም። ሚኒባስ በየሩብ ሰዓቱ ደጃችን ነው የሚያልፈው። በአምስተኛው ቀን ራህማ በር ላይ ቆመች፤ "አባ፣ ተነሥ" አለችኝ።

ዘሀራ ቤቷ ነበረች፣ ባሏ ማሽላው ጋ ወርዷል። አስገባችን፣ ውሃ ሰጠችን። ፊቷ ከረር ብሏል፤ ግን በደህና ነው የተቀበለችን። ወሬ ማዞር አልቻልሁበትም።

"ዘሀራ፣ ያኔ የሸጥሁልሽ ሄድፎን አለ?"

"አለ። ምን ያደርግልሃል?" ከሣጥን አወጣችው፤ ፌስታሉም ያው ነው። "ከዚያን ቀን ወዲህ አልነካሁትም።"

"ሐኪም ዘንድስ ሄደሽ ነበር?"

"አልሄድሁም። ሄጄ 'አዎ፣ ደንቁረሻል' ቢሉኝስ? ፈራሁ" አለች። ከዚያ እጇን አየችው። "ድቤ ስመታ ይሰማኛል እኮ አያ ሰይድ። ግን የምሰማው በጆሮዬ ነው ወይስ በእጄ? ብዬ ራሴን ጠረጠርሁ። የሰው ልጅ ሰርግ ላይ ምት ብስትስ? ሰጥቼ ተገላገልሁ።"

ራህማ ናት የቀጠለችልኝ። ሄድፎኑን ስልኳ ላይ ሰክታ፣ ያንኑ መንዙማ ከፍታ ሰጠቻትና፣ "እትዬ ዘሀራ፣ መጋረጃው ኋላ ግቢና ከሻሽሽ ሥር አድርጊው፤ ጆሮሽ ላይ ግጥም ይበል። ሻሹን በላዩ እሰሪ" አለቻት። ዘሀራ ሁለታችንንም አየችን። ከዚያ ገባች። እኔ ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ ተቀመጥሁ።

መንዙማው በእሷ ጆሮ ውስጥ ነው፤ እኛ ጋ ምንም አይሰማም። ከዚያ መጋረጃው ኋላ አንድ ነገር ተመታ። ባዶ ጄሪካን ነው። አንዴ፣ ቆም፣ ሁለቴ። ከዚያ ሙሉ ምቱ መጣ። ያን መንዙማ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ተከተልሁት። የሚያጠብቅበት ላይ ጠበቀ፣ የሚመለስበት ላይ ተመለሰ፣ አንድ ቦታ አልሳተችም። እንባዬ መጣ። መሐረብ ፍለጋ እጄን ኪሴ ስከት ራህማ ሌላ ቦታ አየች።

ዘሀራ ሻሿን አስተካክላ ወጣች። ፊቷ ላይ ደስታም ቁጣም ነበር፤ የትኛው እንደሚቀድም ገና አልወሰነችም።

"ታዲያ አያ ሰይድ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ደንቆሮው ማን ነበር?"

"እኔ ነኝ" አልሁ። የሻሹን ነገር ነገርኋት፤ የጆሮ ክፍል ያልሁትም ከራሴ የፈጠርሁት እንደሆነ ነገርኋት። "ዘሀራ፣ አውፍ በይኝ፤ ይቅር በይኝ።"

ጄሪካኑን ከመጋረጃው ኋላ አምጥታ ቦታው አስቀመጠች።

"አውፍ እልሃለሁ" አለች። "ግን ሰው ፊት ነው ያልኸኝ። ሰው ፊት ትመልሰዋለህ።"

በወሩ እዚያው ጎብዬ ሰርግ ነበር። ዳሱ ሙሉ ነው። ምግቡ ከተነሣ በኋላ ጉሮሮዬን ጠርጌ ቆምሁ፤ ሙሽራውን የምመርቅ መስሏቸው ሰዎቹ እጃቸውን ለአሚን ዘረጉ። "ዱዓ አይደለም" አልሁ። "ጥፋቴን ልናገር ነው። ይቺ ዘሀራ ጆሮዋ አልታመመም፣ ታምሞም አያውቅ። እኔ ነኝ ሥራዬን ሳላጣራ ሰው ፊት ያዋረድኋት። ድቤዋን ያስጣልኋት እኔ ነኝ።" አንዲት ባልቴት ከጥግ፣ "ዋ! አምስት ዓመት አስጨፈርኸን እኮ በዚያ በሚንገዳገድ ምት!" አሉ። ድቤውን ይዛ የነበረችው ልጅ አላኮረፈችም፤ ተነሥታ በሁለት እጇ ለዘሀራ ሰጠቻት።

ዘሀራ ድቤውን ጭኗ ላይ አደረገች፣ ቆዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው። ከዚያ መታች። እኔ መቀመጤንም አላስታውስም፤ ከወንዶቹ ጋር ቆሜ አጨበጭባለሁ፣ ላቤ ይወርዳል፣ ሰው ሁሉ ይጨፍራል። ዘሀራ ምቷን ሳታቋርጥ ቀና ብላ ፈለገችኝና፣ ዳሱ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ጮኸች።

"አያ ሰይድ! ጭብጨባህ ይዘገያል፤ ጆሮህን ታከም!"

ከሁሉም በላይ የሳቀችው ራህማ ናት። ዘሀራ ግን እውነቷን ነበር። እጄን አስተካክዬ ድቤዋን ተከተልሁ።